አሚን የተባለለት ዝምታ

ጀላል ሰው ፊት መናገር አይችልም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ምስጢር የለውም። ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ካየው አፉ ይደርቃል፣ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ላቡ ከብብቱ ተነስቶ ወገቡ ድረስ ይወርዳል። የሚናገረውን ነገር አስቀድሞ ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ ደጋግሞ ካልተለማመደው በቀር «ደህና ዋላችሁ» ማለት እንኳ ያቅተዋል። ተለማምዶ እስኪጨርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹ አልፈው ሄደዋል።

ይህን ለወሎ ሰው ማን ያስረዳው? የወሎ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ሲያይ ሌላ አያስብም፤ ዚክር ላይ ነው፣ አላህን እያወሳ ነው ብሎ ድምፁን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ገና ጢሙ በቅጡ ያላደገው፣ ቁርአኑንም ከግማሽ ሳያልፍ የተወው ጀላል ኮምቦልቻ በነበረ አንድ የተወረሰ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ «ሼኹ» ተባለ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ የምር ሆነ። ሥራው የተሞላ ጆንያ አፍ መስፋት ነውና «የጆንያውንም የራሱንም አፍ ሰፍቶ አረፈው» ይሉ የነበሩት ቀልደኞች ሳይቀሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ሰበር ማድረግ ጀመሩ።

ስንዴ ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ መዲና፣ አንድ ቀን በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ልጇን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። ጀላል «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ሊላት ከንፈሩን ሲያለማምድ «በል እፍ በልልኝ» አለችው። እፍ አለ። ልጁም ዳነ። ትኩሳቱ የሚለቅበት ሰዓት ደርሶ ይሆናል፤ ግን ይህን ብትነግራት መዲና ትስቅብህ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጣሉ ሰዎችም ይመጡበት ጀመር። አንደኛው አቤቱታውን ያሰማል፣ ሌላኛው ያሰማል፣ ጀላል ዝም ይላል፣ ሁለቱም «ሼኹ የፈረደው ለኔ ነው» ብለው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ።

ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ እናቱ ረሂማ ለጎረቤቱ ሁሉ የምትለው ነበራት። «የኔ ልጅ ትንሽ ሆኖም እንዲህ ነው። አዋቂ ስለሆነ አይለፈልፍም። የምትለፈልፉት እናንተ ናችሁ።» ጀላል ይህን ሲሰማ ያፍራል። ግን ሐሰት አንናገርም፤ ደስም ይለው ነበር። ፈሪ ከመባል አዋቂ መባል የማይጥመው ማን ነው?

እውነቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የፋብሪካው መካኒክ ስማቸው። ስማቸው እጁ ከግራሶ፣ አፉ ከወሬ የማይጠራ ክርስቲያን ነው። ከሱ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ጀላል ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ እንዲያውም ይጨቀጭቃል። ስማቸው አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጠየቀው፤ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ሰዓት ዝም ስትል ምን ታስባለህ?»

«ምንም። እንዳያናግሩኝ ነው የማስበው።»

«እኔኮ እውነት አዋቂ ትመስለኝ ነበር» አለና ስማቸው እስኪያለቅስ ሳቀ።

ጀላል ስንዴ ለቃሚዋን ለይላን ከወደዳት ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቃል አልነገራትም። ስማቸው ቢያየው ቢያየው ሰለቸውና «እኔ አፍ እሆንሃለሁ» አለ። አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ስማቸው አሞኛል ብሎ፣ ጀላል እናቴ ታማለች ብሎ፣ ሁለቱም ከሥራ ሹልክ አሉና መኪና ተሳፍረው ወደ ለይላ አባት ቤት፣ ሐርቡ ወረዱ። ለይላም ፈቃድ ወስዳ ቤቷ ነበረች። ነገሩ ወግ አልነበረውም። ሽማግሌ የተባለው ጎረምሳ መካኒክ፣ ያውም ክርስቲያን፣ ያውም ጠያቂው ራሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ። አባቷ ጀማሉዲን ግን የሼኹን ዝና ሰምተዋልና አላባረሯቸውም። «እናስብበት፣ ኢንሻአላህ» ብለው በሰላም ሸኟቸው።

ሲመለሱ ጀላል የስማቸውን ክንድ ያዘ። «ይቺን ነገር ለማንም እንዳትናገር። ሼኹ ምላስ ተከራየ ይሉኛል። ማልልኝ።»

«በእመብርሃን ምያለሁ» አለ ስማቸው።

እነሱ ሐርቡ ሳሉ፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ የፋብሪካው ትልቁ ሞተር ተቃጠለ።

ሞተሩ ያረጀ ነበር፤ ባለቤቱ ሳይወረስበትም ያስል ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው። በዚያ ዓመት በራሱ የሚበላሽ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም አበላሽ ይፈለግለት ነበር። ሞተር ተቃጠለ ማለት አሻጥር ተሠራ ማለት ነው፤ አሻጥር ከተሠራ ደግሞ መካኒኩ የት ነበር? ዓርብ ስማቸውን ያዙት። ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ለስብሰባ ተጠራ።

ስማቸው እጁን የኋሊት ታስሮ ፊት ለፊት ቆሟል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር በላቸው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ከደሴ የመጣ ካድሬ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጥፍሩን ይመለከታል። ደጅ ላንድሮቨር ቆማለች። ሾፌሩ ሞተሯን አላጠፋም። ለጀላል ደሴ መውጣት ማለት ማታ ማታ ቤቱ መግባት ነበር፤ በዚያች መኪና የወጣ ሰው ግን ቤቱ አልገባም፤ ይህን መጋዘኑ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?» አለ በላቸው።

«አሞኝ ነበር።»

«ቤትህ ሄደን አጣንህ።»

ስማቸው የተሰነጠቀ ከንፈሩን ላሰ።

«የት ነበርክ ነው የምልህ?»

«አልናገርም። ምያለሁ።»

ካድሬው ከጥፍሩ ላይ ዓይኑን አነሳ። በዚያ ዘመን ምያለሁ ማለት ራስን በገዛ እጅ መቅበር ነበር። የሚማማሉት እነማን እንደሆኑ ግድግዳ ላይ ሁሉ ተጽፏል። በላቸውም ይህ ገብቶት ድምፁ ተቀየረ። «ለየትኛው ድርጅት ነው የማልከው?»

«ለድርጅት አይደለም። ለሰው ነው።»

«ሰውየው ማን ነው?»

ስማቸው መሬት መሬት ያያል። ጀላል ከኋላ፣ ከጆንያ ክምሩ አጠገብ ተቀምጧል። ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ስማቸው ከኔ ጋር ሐርቡ ነበር። ይህን ቢል ጓደኛው ይድናል። አንገቱን ደፋ፤ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሐሙስ ዕለት ስማቸው ከኔ ጋር ሐርቡ ነበር። ሐሙስ ዕለት ስማቸው። ሐሙስ ዕለት።

መዲና አየችው። አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ነካችና መዳፎቿን ዘረጋች። ያቺም ዘረጋች። ከዚያ ቀጣይዋ። ሼኹ ዱዓ ይዟል። አንዱ በቀስታ «አሚን» አለ፤ ከኋላ የነበሩት ተቀበሉት። ጀላል ይህን ሰማ። አልጸለየም፤ ሊናገር ነበር፤ እነሱ ግን ያልወጣ ቃሉን ተቀብለው ወደ ሰማይ ላኩት።

በላቸውም ያገሩ ልጅ ነውና ጥቂት አመነታ። «ጓድ ጀላል» አለ። «የዚህ ሰው ጓደኛ አንተ ነህ። ሠራተኛው ያከብርሃል። የምትለው ነገር ካለ ተነስተህ ተናገር።»

ጀላል ተነሳ። ያ ሁሉ ዓይን ዞረበት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። የላንድሮቨሯ ሞተር ብቻ ይሰማል። ጀላል ጆንያ ተደግፎ ቆመ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ዘበኛው አያ ሰይድ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ተዉት» አሉ። «ነገሩን ለባለቤቱ መለሰው። ለአላህ አሳልፎ ሰጠው።»

«አሚን» አለ መጋዘኑ፣ አሁን ጮክ ብሎ።

«ሰማችሁ» አለ በላቸው። «የልብ ጓደኛው፣ እናንተ አዋቂ የምትሉት ሰው እንኳ የሚከላከልለት ቃል አጣ። እንግዲህ ይህ አሻጥረኛ ወደ ደሴ ሄዶ አብዮታዊ እርምጃ እንዲወሰድበት የምትደግፉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

ፊት ከተቀመጡት አንድ ሁለት እጅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ለዱዓ የተዘረጉት እጆች አሁን ወደ ላይ ሊወጡ ያመነታሉ። ስማቸው ቀና ብሎ በሰው መሐል ጀላልን ፈለገው። ጀላል ያንን ዓይን ፈርቶት ነበር፤ አድነኝ ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ስማቸው ግን እንዲያ አላለውም። ራሱን ትንሽ ብቻ፣ ሌላ ሰው በማያስተውለው መጠን፣ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀ። ተወው፣ አትናገር ማለቱ ነው። ሊሞት ሆኖ ጓደኛዬ እንዳያፍር ብሎ ይጨነቅለታል። ጀላል ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለም።

ተነሳና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዱቄት የለበሰውን የመጋዘን ግድግዳ እያየ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ተናገረ።

«ሐሙስ ስማቸው ከኔ ጋር ነበር።»

ድምፁ ቀጥኖ፣ ተሰባብሮ ነው የወጣው። ከኋላው ጉምጉምታ ተነሳ።

«ፊትህን ወደ ሰፊው ሕዝብ አዙር» አለ በላቸው።

«ካዞርኩ አልችልም። ተዉኝ እንዲሁ ልናገር። ሐርቡ ነበርን። የለይላ አባት ቤት። እኔ ለይላን እወዳታለሁ። መናገር ስላልቻልኩ እሱ ሊናገርልኝ ሄደ። ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ ስላፈርኩ ነው ያስማልኩት። እኔ ሼኽ አይደለሁም። ከንፈሬ ዚክር አይልም፤ የማወራውን እየተለማመድኩ ነው። ይኸው ነው። አዋቂ አይደለሁም። ሰው እፈራለሁ። ወላሂ፣ ሰው ብቻ ነው የምፈራው።»

ከዚያ ካድሬው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ፤ ሲናገር ቀስ ብሎ ነው።

«አየህ በላቸው፣ እኔ እነዚህን ዝምተኞች አውቃቸዋለሁ። የሚጮኸው አያስፈራም። የሚያስበው ዝም የሚለው ነው። አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሼኽ ነኝ ብሎ ያታለለ፣ ይህ ሞኝ ይመስልሃል? መካኒኩን ከማሽኑ ያራቀው ማን ሆነና ነው? ጭንቅላቱ እሱ ነው። ሁለቱንም ጫኗቸው።»

ሁለት የጥበቃ ጓዶች ወደ ጆንያ ክምሩ መጡ። ጀላል ግድግዳውን እንዳየ ክንዱን ሲይዙት ተሰማው። ዕድሜ ልኩን ለማምለጥ የተሸሸገበት ስም አሁን ሊገድለው ነው። አዋቂ አይደለሁም ብሎ እየማለ፣ ይህም የአዋቂ ብልሃት ሆኖ ተቆጠረበት። ከዚህ ወዲያ ምን ይላል?

«ጓድ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለች የሴት ድምፅ። ለይላ ነበረች። ጉልበቷ ላይ የነበረውን የስንዴ አቧራ እያራገፈች ተነሳች።

«እውነት ነው፣ ሐሙስ እኛ ቤት ነበሩ። አባቴ ይመሰክራል፣ ጎረቤት ይመሰክራል። ጭንቅላት ነው ላሉት ግን እኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ሻይ ሰጠሁት። ትኩሱን በሁለት ጉንጭ ጨረሰው። ከዚያ እስኪወጡ ድረስ ባዶውን ብርጭቆ ሲጠጣ ነው የዋለው። ልቅዳልህ ስለው ሙሉ ነው ብሎ በእጁ ይከድንብኛል። አባቴ ‹ልጄ፣ ስምህ ማን ነው?› ቢለው ‹ሐርቡ› አለ።»

አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ለይላ አልሳቀችም።

«አባቴ ደንግጦ ‹አገርህስ?› ሲለው ‹ጀላል› አለ። ሊወጣ ሲል ያጠለቀው የአባቴን ጫማ ነው። እስካሁን አልመለሰም፤ ይኸው አድርጎታል። አሻጥር የሚያሴረው ይህ ነው?»

ሰው ሁሉ የጀላልን እግር አየ። ያን ጊዜ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። መዲና ሳቀች፤ አያ ሰይድ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ክንዱን የያዘው ጥበቃ እንኳ እጁን ለቆ አፉን ያዘ። ጀላል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሸሸው የኖረው ሳቅ ይህ ነበር፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ፣ በሱ ላይ። ጆሮው ነደደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር፤ ግን ሳቁ እንዲያቆምም አልፈለገም። እየሳቀ እጁን ለሞት የሚያወጣ ሰው የለም። የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወርደዋል።

በላቸው ሳቁን ሊውጥ ከንፈሩን ነከሰ። «እውነት ነው?» አለው።

ጀላል ቀስ ብሎ ዞረ። በሰፊ ጫማ ውስጥ ያሉትን እግሮቹን እያየ «እውነት ነው» አለ።

ካድሬው ሽጉጡን ከጠረጴዛው አንስቶ አፎቱ ውስጥ ከተተና በላቸውን በቁጣ አየው። «ለዚህ ነው ከደሴ ያስወረዳችሁኝ?» ብሎ ወጣ። ላንድሮቨሯ እስረኛ ሳትጭን ዳገቱን ስትይዝ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ማንም ከቦታው አልተነሳም። ከዚያ የስማቸውን ገመድ ፈቱለት። የምርት ዘመቻ ጥለው በመሄዳቸው ሁለቱም እሑድ እሑድ ጆንያ እንዲሸከሙ ተፈረደባቸው። ስማቸው ያበጡ እጆቹን እያሸ መጥቶ ጀላል አጠገብ ተቀመጠና «ጫማውን እኔ እንኳ አላየሁም ነበር» አለ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሼኹ ያለው የለም። መዲና ብዙ ጊዜ አኮረፈችው፤ በመጨረሻም መጥታ «ታዲያ ልጄን ማን አዳነው?» አለችው። «አላህ ነዋ» አላት። ረሂማ ወሬው ሆጤ ሲደርስ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም፤ ስትወጣም ስለ ልጇ ዕውቀት ዳግመኛ አላነሳችም። ጀማሉዲን ደግሞ «እኔ ጥያቄውን የሰማሁት ሼኽ መስሎኝ ነው፤ ለፈሪ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው ላኩ። መልሱን የሰጠቻቸው ለይላ ናት። «ታዲያ ለማን ልትሰጠኝ ነው አባባ? በዚህ ዘመን የማይፈራ ካለ አሳየኝና ላግባው።» ኒካሁ ሲታሰር ጀላል «ተቀብያለሁ» የምትለውን ቃል ለማውጣት ሲታገል ቃዲው ሊሄዱ ተነስተው ነበር ይባላል።

ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አሁን ፊት ለፊት የቆሙት ዘበኛው አያ ሰይድ ናቸው። ደሴ የምትፈለግ የእህታቸውን ልጅ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አሳድረዋል የሚል ጥቆማ ደርሷል። ላንድሮቨሯም ደጅ ናት።

«ጓድ ጀላል» አለ በላቸው። «አንተ በማለዳ ነው የምትገባው። እንግዲህ ምላስ እንዳለህ አይተናል። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሴት አይተሃል ወይ?»

ጀላል ተነሳ። አይቷታል። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ልጅቷ የአያ ሰይድን ካፖርት ተከናንባ፣ ዓይን ለዓይን ተጋጥመዋል። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተከፍቷል። ያ ሁሉ ዓይን እንደገና ዞረበት፤ እሱም አንድ በአንድ መልሶ አያቸው። አያ ሰይድ ነጭ ጢማቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ጀላል ምንም ሳይናገር ቆመ።

«ምላስህ የት ገባ?» አለ በላቸው።

ከኋላ አንዱ «የማንን ጫማ እንዳደረገ እዩለት» አለና ሰው ሳቀ። «ተወው ጓድ ሊቀመንበር» አለ ሌላው፣ «እሱ ፈሪ ነው፤ እስኪመሽ ብትጠብቀው አይናገርም።»

በላቸው እጁን በመሰልቸት አወናጨፈና ሌላ ምስክር ጠራ። አየሁ የሚል አልተገኘም። አያ ሰይድ በማስጠንቀቂያ ታለፉ። ጀላል ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። የዚያን ዕለት መናገር ይችል እንደነበር ማንም አላወቀም።